በማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆች በራሳቸው ጉዳይ ይጠየቁ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር
በክልሎችና በከተማ አስተዳደሮች ለሚገኙ የዘርፉ ቢሮዎች
የሕፃናት ማሳደጊያ ለሚያስተዳድሩ መንግሥታዊና መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ሁሉ

ጉዳዩ፦ በማሳደጊያ የሚኖሩ ልጆችና ወጣቶች ስለ ኑሯቸው ውሳኔ ከመሰጠቱ በፊት ቃላቸው እንዲሰማና እንዲመዘገብ ስለመጠየቅ

በልዩ ልዩ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ውስጥ በማኅበራዊ ሠራተኛነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው የአንድን ድርጅት ስም ለማንሣት ወይም የባልደረቦቼን ድካም ለማሳነስ አይደለም፤ በጠባብ በጀትና በጥቂት ሰው ኃይል የታመመ ሕፃን አቅፈው የሚያነጉ ሞግዚቶችን በቅርብ አውቃለሁ። የምጠይቀው ነገር አንድ ነው። አንድ ልጅ የት እንደሚኖር፣ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ወዴት እንደሚዛወርና መቼ እንደሚወጣ የሚወስን ማንኛውም ውሳኔ፣ ልጁ አስቀድሞ ሳይጠየቅ፣ የተናገረው በራሱ አነጋገር ሳይጻፍና ሐሳቡ ተቀባይነት ካጣም ምክንያቱ ለራሱ ሳይነገረው እንዳይጸና በመመሪያ ይደንገግልን።

ውሳኔው ለልጆቹ ይተው ማለቴ እንዳልሆነ ከወዲሁ ልግለጽ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ወደ ጎዳና ልመለስ ቢል እሺ የሚል ባለሙያ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ይሁን እንጂ መጠየቅና መፍቀድ የተለያዩ ነገሮች ሆነው ሳለ፣ እኛ ሁለተኛውን በመፍራት የመጀመሪያውንም እርግፍ አድርገን ትተነዋል።

የጎደለን ሕግ አይመስለኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን የሚመለከት እርምጃ ሲወሰድ ደኅንነታቸው በቀደምትነት እንዲታሰብ ያዝዛል፤ ይህንንም ግዴታ የጣለው በፍርድ ቤቶችና በአስተዳደር ባለሥልጣኖች ላይ ብቻ ሳይሆን በመንግሥታዊና በግል የበጎ አድራጎት ተቋሞችም ላይ ነው። ልጆች በማሳደጊያ ተቋሞች ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸውም በዚያው አንቀጽ ተጽፏል። እርግጥ አንቀጹ ስለ ደኅንነት እንጂ ስለ መደመጥ አይናገርም። ያንን የሚሞላው አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸውና። አገራችን በ1983 ዓ.ም የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12፣ የራሱን ሐሳብ መፍጠር የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ሁሉ ሐሳቡን በነፃነት እንዲገልጽና ለሐሳቡም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ተገቢው ክብደት እንዲሰጠው ያዝዛል። በአንቀጽ 25 ደግሞ ለእንክብካቤ ከቤተሰቡ ውጭ የተቀመጠ ልጅ አያያዙ በየጊዜው እንዲመረመር ይጠይቃል። በ1994 ዓ.ም ያጸደቅነው የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም በአንቀጽ 4፣ ሐሳቡን መግለጽ የሚችል ልጅ በፍርድም ሆነ በአስተዳደር ሂደት በቀጥታ ወይም ገለልተኛ በሆነ ወኪል አማካይነት እንዲሰማ ይላል። አንድን ልጅ ከአንድ ግቢ ወደ ሌላ ግቢ ማዛወር አስተዳደራዊ ውሳኔ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የገዛ ሕጋችንም ቢሆን ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ፍርድ ቤት የጉዲፈቻ ስምምነትን ከማጽደቁ በፊት የልጁን አስተያየት እንዲያይ ያስገድዳል፤ ሞግዚትም 14 ዓመት የሞላውን ልጅ በሚመለከቱት ዋና ዋና ጉዳዮች እንዲያማክረው ይጠይቃል። በሕጋችን ሞግዚት የሚባለው የልጁን ንብረት የሚያስተዳድረው ሰው መሆኑን ስናስብ አንድ የማይዋጥ ነገር ይገጥመናል። ከአባቱ ቤት የወረሰ የ14 ዓመት ልጅ ስለ ቤቱ ኪራይ ይማከራል፤ ምንም ያልወረሰውና በማሳደጊያ የሚያድገው እኩያው ግን በሚቀጥለው ወር የት እንደሚያድር እንኳ ሳይጠየቅ ሻንጣው ይታሰራል።

ሕጉ ካለ ክፍተቱ የት ነው ቢባል፣ እኔ የማየው ፋይሉ ላይ ነው። በማሳደጊያ የሚኖር ልጅ ማኅደር ሲገለጥ የሚገኘው በአብዛኛው የታወቀ ነው፦ ልጁ የተገኘበትን ሁኔታ የሚገልጽ የፖሊስ ደብዳቤ፣ ወረዳው የጻፈው የመላኪያ ደብዳቤ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ ማኅበራዊ ጥናት የሚባለው ሪፖርት፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ከዚያም በየዓመቱ የሚታከል የትምህርት ውጤት። የልጁን አያያዝ በሚመለከተው ገጽ ላይ «በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከዓመት ወደ ዓመት ይገለበጣል። ልጁ ራሱ ምን እንዳለ የሚጻፍበት መስመር ግን እኔ በሠራሁባቸው ቅጾች ላይ አልነበረም። በመሥሪያ ቤት አሠራር ደግሞ በቅጹ ላይ ቦታ ያልተሰጠው ጉዳይ ጊዜም አይሰጠውም፤ ባለሙያው ሳይሞላው የቀረ ነገር ስለሌለ የሚጠይቀው የለም፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣም ማኅደሩ የተሟላ ሆኖ ይገኛል።

የልጁ ቃል የሚያስፈልገው መብቱ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ እኛ የማናውቀውን እርሱ ስለሚያውቅም ነው። አንዲት ዐሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ገጠር ከሚኖር አጎቷ ጋር እንድትቀላቀል ተወሰነ። ጥናቱ ያማረ ነበር፤ አጎትየው መሬት አለው፣ በሬዎች አሉት፣ ለመቀበልም ፈቃደኛ ነው፣ የቀበሌው ማኅተምም ከሥር አርፏል። ስብሰባው ላይ የድርጅቱ ኃላፊ፣ የወረዳው ባለሙያና አጎትየው ራሱ ተቀምጠው ልጅቱ ተጠርታ «ደስ ብሎሻል አይደል?» ተባለች፤ አንገቷን አቀርቅራ ዝም አለች፤ ዝምታዋም እንደ እሺታ ተቆጠረ። በማግሥቱ ወጥ ቤት ለምትሠራውና ለምታምናት ሴት የተናገረችው ግን ሌላ ነበር። ከዚያ ቤት የወጣችው ጠፍታ ሳይሆን አምልጣ ነበር። ማምለጧን የሚናገር አንድም ወረቀት በማኅደሯ አልነበረም፤ ምክንያቱም ወደ ማሳደጊያው በገባችበት ቀን የተጠየቀችው ስሟንና የመጣችበትን አገር ብቻ ነው። ጉዳዩ በወጥ ሠሪዋ ምክንያት ቆመ። ወጥ ሠሪዋ የዚያን ዕለት ዕረፍት ላይ ብትሆን ኖሮ በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ አንድ የተሳካ ቅልቅል ተብሎ ይመዘገብ ነበር።

ይህን የምለው ልጆችን ወደ ቤተሰብ መመለስን በመቃወም አይደለም። በ2001 ዓ.ም የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ማኅበረሰብ አቀፍ ድጋፍን፣ ከቤተሰብ ጋር ማቀላቀልን፣ የአደራ ቤተሰብን (ልጁን ለጊዜው ተቀብሎ የሚያሳድግ ቤተሰብን) እና ጉዲፈቻን አስቀድሞ ማሳደጊያን የመጨረሻ አማራጭ ማድረጉ ትክክል ነው። በ1977ቱ ረሀብ ዘመን የተቋቋመውና በኋላ ማሳደጊያዎቹን ዘግቶ ልጆችን በማኅበረሰቡ ውስጥ ወደ መደገፍ የተሸጋገረው የኢየሩሳሌም የሕፃናትና ማኅበረሰብ ልማት ድርጅት ይህ መንገድ በእኛም አገር እንደሚቻል አሳይቷል። ነገር ግን ቅልቅል የልጁ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሪፖርት ቁጥር ሲሆን መኪናው የሚነሣበት ቀን ከልጁ ዝግጅት ይቀድማል። በአማርኛ ብቻ ያደገ ልጅ ሲዳምኛ ወይም ሀዲይኛ ብቻ ወደምትናገር አያቱ ሲላክ ከአያቱ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር አስቀድሞ ያሰበ ሰው ላይኖር ይችላል። ልጁ ግን አስቦበታል። ልጆች ሲጠየቁ የሚያነሧቸው ጥያቄዎች በጣም ተጨባጭ ናቸው፤ ማን ጋር ነው የምተኛው፣ ትምህርት ቤቱ በእግር ስንት ሰዓት ይወስዳል፣ ከብት ስጠብቅ ነው የምውለው ወይስ እማራለሁ፣ ካልተስማማኝ መመለስ እችላለሁ፣ እዚህ የማሳድጋት ድመት ምን ትሆናለች። ከነዚህ ጥያቄዎች ውስጥ የመጨረሻውን ብቻ እንደ ቀልድ ልንወስደው እንችል ይሆናል፤ እኔ ግን እርሱንም አልቀለድበትም። ልጁ አስቀድሞ ሄዶ ቤቱን አይቶ፣ ጥቂት ቀን አድሮ፣ ተመልሶ ያየውን ከተናገረ በኋላ የሚደረግ ቅልቅል ብዙ ጊዜ ይጸናል። ከሄደ በኋላም ክትትል የሚያደርገው ባለሙያ ልጁን ከአሳዳጊዎቹ ፊት ሳይሆን ለብቻው ማነጋገር አለበት፤ ዘመዶቹ ቡና አፍልተው በከበቡት ቤት ውስጥ «እንዴት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ክትትል አይባልም።

የወንድማማቾችና የእኅትማማቾች ጉዳይም ሊነሣ ይገባል። አዲስ አበባን ብንወስድ በከተማው አስተዳደር ሥር የኖሩት ማሳደጊያዎች የተከፋፈሉት በዕድሜና በጾታ ነው፤ ክበበ ፀሐይ ጨቅላዎችንና ትንንሾችን፣ ቀጨኔ ሴቶች ልጆችን፣ ኮልፌ ወንዶች ልጆችን ሲያሳድጉ ኖረዋል። አከፋፈሉ የራሱ ምክንያት እንዳለው አልክድም። ይሁን እንጂ በዚህ አከፋፈል እጅ ለእጅ ተያይዘው የገቡ ወንድምና እኅት ከፍ ሲሉ በተለያየ ሰፈር፣ በተለያየ ግቢ ይቀመጣሉ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2002 ዓ.ም የተቀበለው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ለደኅንነታቸው የሚያሰጋ ግልጽ ምክንያት ካልኖረ በቀር እንዳይለያዩ ይመክራል። በአገራችን ከመቀሌ የጀመረው የኤስ ኦ ኤስ የሕፃናት መንደር አሠራር ወንድና ሴት ልጆችን በአንድ አሳዳጊ እናት ሥር በአንድ ቤት ማሳደግ እንደሚቻል ካሳየ ቆይቷል። ሕንፃውን ዛሬ መቀየር ካልተቻለ እንኳ ልጆቹን በየስንት ጊዜው መገናኘት እንደሚፈልጉ ጠይቆ መልሳቸውን በዕቅድ ላይ ማስፈርና የታክሲውን ወጪ በበጀት መያዝ ከማንም አቅም በላይ አይደለም።

ልጆችን ሳይጠይቁ ስለ ልጆች መወሰን የዛሬ ልማድ አይደለም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኦጋዴን ጦርነት ወላጆቻቸውን ያሳጣቸውን ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ተልከዋል፤ ሌሎችም በአላጌ በነበረውና የሕፃናት አምባ በሚባለው ማሳደጊያ አድገዋል። ከመካከላቸው ለተማሩትና ለደረሱበት ዛሬም ምስጋና የሚያቀርቡ ብዙ ናቸውና ታሪኩን በአንድ ቃል መደምደም አይገባም። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ግን ሌላ ነገር አስተምሮን አልፏል። በ2002 ዓ.ም አካባቢ ወደ አሜሪካ ብቻ በዓመት ከሁለት ሺህ በላይ ልጆች ይሄዱ ነበር፤ የልጁ አስተያየት ይታይ የሚለው ሕግም ያኔ በሥራ ላይ ነበር። በ2010 ዓ.ም አዋጅ ቁጥር 1070 በሩን ከዘጋው በኋላ ዛሬ ያደጉት ልጆች እናቶቻቸውን ፍለጋ ሲመለሱ፣ በማኅደራቸው የተጻፈው ታሪክና ቤተሰባቸው የሚነግራቸው ታሪክ የማይገጥምባቸው አሉ። ሰባትና ስምንት ዓመት ሞልቷቸው የሄዱት እናታቸው በሕይወት እንዳለች ያውቁ ነበር። ያኔ የጠየቃቸውና ያሉትን የጻፈ ሰው ቢኖር ኖሮ ዛሬ የሚፈልጉት ወረቀት በእጃቸው ይሆን ነበር።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልምጣ፤ እርሱም መውጫው ነው። አንድ ወጣት 18 ዓመት ሲሞላው ከማሳደጊያ ይወጣል ይባላል። ይህ ዕድሜ የሚቆጠረው ግን ከየትኛው ቀን ነው? ተጥሎ የተገኘ ወይም የልደቱን ቀን የሚናገርለት ሰው የሌለው ልጅ የልደት ቀኑ በግምት ነው የተጻፈው፤ በገባበት ቀን ጥርሱንና ቁመቱን አይቶ ሰባት ይሆነዋል ያለ ሰው ከዐሥራ አንድ ዓመት በኋላ የሚባረርበትን ቀን ቆርጦለታል። ያ ቀን አንዳንድ ጊዜ የሚውለው በትምህርት ዓመቱ እኩሌታ ላይ ነው። ዘግይቶ ትምህርት የጀመረ ልጅ በ18 ዓመቱ ገና ዘጠነኛ ወይም ዐሥረኛ ክፍል መሆኑም የተለመደ ነው። ልጆቹ ስለዚህ ቀን በሌሊት በአልጋቸው ላይ ሆነው ያወራሉ፤ ከዐሥራ አምስት ዓመታቸው ጀምሮ የሚያስጨንቃቸው እርሱ ነው። እኛ ግን ስለ መውጫቸው የምናነጋግራቸው ብዙውን ጊዜ ከመውጫቸው ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ነው።

ልጆቹ አስቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ የመውጫ ድጋፍ የሚባለው ነገር ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ድርጅቶች በቅንነት የሚሰጡት ፍራሽ፣ ምድጃ፣ የጥቂት ወራት የቤት ኪራይና የተወሰነ የሥራ መነሻ ገንዘብ ነው። ወጥተው የኖሩት ወጣቶች የሚናገሩት ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ችግራቸው ተያዥ ነው፤ ለዘበኝነትም ሆነ ለሱቅ ሠራተኝነት፣ ለሾፌር ረዳትነትም ሆነ ለገንዘብ ያዥነት ዋስ አምጣ ይባላሉ፤ አጎትና አክስት የሌለው ሰው ዋስ ከየት ያመጣል? ሁለተኛው መታወቂያ ነው፤ የወረዳ መታወቂያ የሚያስመዘግብ ቤተሰብና የቤት ቁጥር ይጠይቃል፤ የማሳደጊያው አድራሻ ከመውጣታቸው በፊት ካልጠቀማቸው ከወጡ በኋላ አይጠቅማቸውም፤ የባንክ ሒሳብም ያለ መታወቂያ አይከፈትም። ሦስተኛው በዓል ነው። ለፋሲካ ወይም ለአረፋ የሚሄዱበት ቤት እንደሌላቸው የተረዱት ከወጡ በኋላ በመጣው የመጀመሪያው በዓል ነው፤ ያደጉበት ግቢ በር ላይ ደግሞ ጥበቃው ፈቃድ አምጡ ይላቸዋል። እነዚህ ሦስት ነገሮች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም። ድርጅቱ ራሱ ተያዥ ቢሆንላቸው፣ መታወቂያቸውን በ18 ዓመታቸው ከመውጣታቸው በፊት ቢያስወጣላቸው፣ ለበዓል ተመልሰው እንዲመጡ በሩ ቢከፈትላቸው ከፍራሹ የማይተናነስ ጥቅም ይሰጣል። ያልታሰበበት ምክንያት የመውጫ ዕቅዱን የጻፍነው ቤተሰብና ዋስ ያለን ሰዎች ስለሆንን ነው።

ስለ ዕለት ተዕለቱ ኑሮ ብዙ አልልም፤ ምግቡ፣ ልብሱ፣ የመኝታ ሰዓቱ፣ የስልክ አጠቃቀሙ በልጆች ስብሰባ ሊነሣ እንደሚገባ ሁሉም ያውቃል። ሁለት ነገሮች ግን ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው ሃይማኖት ነው፤ የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን ለልጁ የሃይማኖት፣ የባህልና የቋንቋ ትስስር ተገቢው ትኩረት እንዲሰጥ ሲያዝዝ እንደ አሳዳጊው ድርጅት እምነት ይጾማል ወይም ይሰግዳል ማለቱ አይደለም። ሁለተኛው ካሜራ ነው። በበዓላትና በልደት ቀን ኬክና ለስላሳ ይዞ መጥቶ ከልጆች ጋር ፎቶግራፍ መነሣት በከተማችን ደግነት ሆኖ ተለምዷል። ልጆቹ ተሰልፈው ይዘምራሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ፊታቸውም በዚያው ምሽት በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ይወጣል፤ ሰኞ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የክፍል ጓደኞቻቸው የት እንደሚኖሩ አውቀው ይጠብቋቸዋል። ከአሥር ዓመት በላይ የሆናቸውን ልጆች እንግዳ ሲመጣ ምን እንደሚሰማቸው ብትጠይቋቸው ብዙዎቹ ኬኩን እንደሚወዱና ካሜራውን እንደሚጠሉ ይነግሯችኋል። ከልጁ ፈቃድ ውጭ ፎቶግራፍ እንዳይነሣና ለስፖንሰር እንዳይላክ መከልከል ነገ ሊደረግ የሚችል ነገር ነው።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል ያደግን ሰዎች ነን፤ ልጅን በቁም ነገር ጉዳይ መጠየቅ ለብዙዎቻችን መሸነፍ ይመስለናል። ነገር ግን ሽማግሌ ሲያስታርቅ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ ዳኝነት የማይሰጥበት አገር ውስጥ፣ የጉዳዩ ዋና ባለቤት ሳይሰማ የሚሰጥ ውሳኔ ከባህላችንም ጋር የሚሄድ አይደለም። ሁለተኛው ተቃውሞ የሥራ ብዛት ነው፤ ይህኛው እውነት ነው። አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ከአቅሙ በላይ ብዙ ልጆችን ይዞ እያንዳንዳቸውን በየጊዜው ለብቻ ማነጋገር ከባድ ነው። መልሴ ሥራው ይቀነስለት ነው፤ ከአንድ ልጅ ጋር ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ማንም የማያነባቸውን ወርኃዊ ሪፖርቶች ከመገልበጥ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል። ሦስተኛው ተቃውሞ ልጆች የሚናገሩት ትልልቆች መስማት የሚፈልጉትን ነው የሚለው ነው። ይህም እውነት አለው፤ ስለዚህም ማን ይጠይቅ የሚለው ከምን ይጠየቅ አይተናነስም። ልጁን የሚጠይቀው ሊቀጣው ወይም ሊያስወጣው የሚችለው ኃላፊ መሆን የለበትም። ልጁ የሚያምነውን ሰው ራሱ ይምረጥ፤ ያ ሰው ሞግዚት፣ መምህር፣ ጥበቃ ወይም ወጥ ሠሪ ሊሆን ይችላል። መናገር የማይችሉ ወይም በቃል የማይገልጹ ልጆችም ከዚህ ውጭ ሊሆኑ አይገባም፤ አንዲት መስማት የተሳናት ልጅ የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ሳይጠራላት የተደረገ ምክክር አልተደረገም ማለት ነው።

በአንዳንድ ግቢዎች የልጆች ኮሚቴ ወይም የልጆች ፓርላማ ተቋቁሟል። ጅምሩን አልነቅፈውም። ብዙውን ጊዜ የሚመረጡት ግን አንደበተ ርቱዕና በትምህርታቸው ጎበዝ የሆኑት ናቸው፤ ሌሊት አልጋው የሚርሰውና ማንም የማያዳምጠው ልጅ ኮሚቴው ውስጥ አይገባም። ኮሚቴው ያነሣው ጥያቄም በተወሰነ ቀን ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘ ልጆቹ በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ስለ ኳስና ስለ ቴሌቪዥን ብቻ ማውራት ይጀምራሉ፤ ሌላው ነገር እንደማይለወጥ ገብቷቸዋልና።

አቤቱታ ከግቢው ውጭ የሚሄድበት መንገድም ያስፈልጋል። ተመቶ የሚከስ ልጅ ክሱን የሚያቀርበው ለመታው ሰው አለቃ ብቻ ከሆነ ዝም ይላል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሆነ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በማቋቋሚያ አዋጆቻቸው ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ኃላፊነት ተሰጥቷቸዋል። ሁለቱ ተቋማት በየማሳደጊያው ሳይታሰብ እየመጡ ልጆችን ያለ ሠራተኛ ፊት የሚያነጋግሩበት፣ ልጆችም ስልካቸውን ግድግዳ ላይ የሚያገኙበት አሠራር ቢዘረጋ ለድርጅቶቹም ይጠቅማል፤ በሐሰት የሚወነጀል ሠራተኛም ገለልተኛ ሰሚ ያገኛል።

እንግዲህ ሚኒስቴሩን በትሕትና የምጠይቀው እነዚህን ነው። አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ የ2001ዱን መመሪያ የሚያስፈጽም አጭር የአፈጻጸም ሰነድ ይውጣ። በዚያም ውስጥ በማዛወር፣ በማቀላቀል፣ ለአደራ ቤተሰብ በመስጠትና በመውጫ ውሳኔዎች ላይ የሚሞላ አንድ ገጽ ይኑር፤ ገጹ የልጁን ቃል፣ ልጁ የመረጠውን አነጋጋሪ ስምና ቃሉ ያልተፈጸመበትን ምክንያት ይያዝ፤ ይህ ገጽ ያልተያያዘበትን ውሳኔ ወረዳው አይፈርም። የእያንዳንዱ ልጅ አያያዝ የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ እንደሚመክረው ቢያንስ በየሦስት ወሩ ልጁ ባለበት ይታይ። የመውጫ ዕቅድ ከ15 ዓመት ጀምሮ ከወጣቱ ጋር ይጻፍ፤ የትምህርት ዓመት ሳያልቅ ማንም አይውጣ፤ የልደት ቀኑ በግምት የተጻፈለት ወጣት ጥርጣሬው ለእርሱ የሚጠቅም ሆኖ ይተርጎምለት። ይህን ሰነድ የሚያረቅ ቡድን ሲሰየምም ከማሳደጊያ የወጡ ወጣቶች ለምስክርነት ሳይሆን በሙሉ አባልነት፣ አበላቸውም እንደ ሌሎቹ ባለሙያዎች እየተከፈላቸው ይግቡበት፤ እነርሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየድርጅቱ የወጡ ልጆች መዝገብ አለ።

የማሳደጊያ ኃላፊዎች ደግሞ ይህን ሰነድ መጠበቅ ሳያስፈልጋችሁ በዚህ ወር ልታዛውሩ ወይም ልታቀላቅሉ ያሰባችኋቸውን ልጆች ማኅደር አውጥታችሁ፣ ልጁ ስለ ጉዳዩ የተናገረው ተጽፎ እንደሆነ እንድትመለከቱ፣ ካልተጻፈም ጉዞውን አቆይታችሁ እንድታነጋግሩት እጠይቃለሁ። ከሚኒስቴሩ የሚሰጠው መልስ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለሕዝብ በይፋ እንዲገለጽና ልጆቹ በሚገባቸው ቀላል ቋንቋ ተጽፎ በየማሳደጊያው እንዲለጠፍ አሳስባለሁ።

ከሠላምታ ጋር
በሕፃናት ማሳደጊያዎች ያገለገለ ማኅበራዊ ሠራተኛ

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን
ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም
ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን